የማርኬቲንግ ማናጀር ደመወዝ «በስምምነት» ተብሎ እንዳይቀር፤ ከጅማ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በክፍት የሥራ ማስታወቂያዎች ላይ የደመወዝ መጠን እንዲገለጽ፣ የማርኬቲንግና የማስታወቂያ ኃላፊዎች ክፍያም በከተማ ተለይቶ እንዲታተም ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

ሥራ የጀመርኩት ከ12 ዓመት በፊት እዚህ ጅማ፣ በአንድ አከፋፋይ ድርጅት የሽያጭ ሠራተኛ ሆኜ ነው፤ ያኔ በሂርማታ ገበያ ዙሪያ ያሉትን ሱቆች አንድ በአንድ እየዞርኩ የሳሙናና የዘይት ትእዛዝ እቀበል ነበር። ዛሬ ቡናና ማር አሽጎ ለገበያ በሚያቀርብ መካከለኛ ድርጅት ውስጥ የማርኬቲንግና የማስታወቂያ ሥራውን እመራለሁ። በእነዚህ ዓመታት በጋዜጣ፣ በግድግዳና በቴሌግራም የወጡ እጅግ ብዙ የማርኬቲንግ ማናጀር የቅጥር ማስታወቂያዎችን አንብቤአለሁ። የትምህርት ደረጃው፣ የልምድ ዘመኑ፣ አንዳንዴም መንጃ ፈቃዱ ሳይቀር በዝርዝር ይጻፋል፤ ደመወዝ ከሚለው ቃል አጠገብ ግን «በስምምነት» ወይም «በድርጅቱ ስኬል መሠረት» ከሚለው ሌላ ነገር ያየሁባቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ይህ እንዲቀየር ነው የምጠይቃችሁ።

ስምምነት የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚፈጸም ከራሴ ልንገራችሁ። በ2010 ዓ.ም. ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነ አንድ ድርጅት በጅማ የማርኬቲንግ ኃላፊነት ቦታ አወዳድሮኝ ነበር። ፈተናውን ካለፍኩ በኋላ የሰው ኃይል ክፍሉ ባልደረባ «ስንት ትጠብቂያለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህ ሥራ በሌላ ቦታ ስንት እንደሚከፈልበት የማውቅበት መንገድ ስላልነበረኝ፣ በወቅቱ ከማገኘው ላይ ጥቂት ጨምሬ ነገርኩት፤ እሱም ሳይከራከር ወዲያው ተስማማ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለሥልጠና አዲስ አበባ ስሄድ፣ እኔ በተቀጠርኩበት ወር፣ በዚያው የሥራ መደብና በተመሳሳይ የሥራ ዝርዝር የተቀጠረ ባልደረባዬ ከእኔ ከእጥፍ በላይ እንደሚከፈለው ሰማሁ። ከእኔ የተለየ ችሎታ እንዳልነበረው እሱ ራሱ አልሸሸገም። ወንድሙ በሌላ ድርጅት ፔሮል የሚሠራ በመሆኑ፣ የመደቡን ክፍያ አስቀድሞ ነግሮት ነበር። ድርጅቱ የጣሰው ሕግ አልነበረም፤ እኔም በፊርማዬ የተስማማሁበት ነው። ቢሆንም አንዱ ወገን ዋጋውን አውቆ፣ ሌላው ሳያውቅ የሚፈጸም ስምምነት በገበያ ላይ ዕቃ ሲሸጥ እንኳ ነውር ተደርጎ የሚቆጠር ነገር ነው።

የሙያችን ክፍያ ለምን እንደሚለያይ በቅርብ የማውቀውን ላስረዳ። በእኔ ዕይታ ከትምህርትም ከልምድም ይልቅ ደመወዙን የሚወስነው የበጀቱ ፊርማ በማን እጅ እንዳለ ነው። ባንኮች፣ የመጠጥና የምግብ አምራቾች፣ የቴሌኮም ኩባንያዎችና አስመጪዎች አብዛኞቹ የማስታወቂያ በጀታቸውን የሚወስኑት አዲስ አበባ ባለው ዋና መሥሪያ ቤት ነው። በጅማ የተመደበው ሰው ማናጀር ተብሎ ቢጠራም የሚሠራው የተላከለትን ባነር ማሰቀል፣ ቢልቦርዱ መቆሙን ፎቶ አንሥቶ መላክና የሽያጭ ታርጌት ማሟላት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ክፍያውም እንደዚያው ይተመናል። ነገር ግን በዝርዝሩ ያልተጻፈ ብዙ ሥራ አለ። ከአዲስ አበባ በአማርኛ ተዘጋጅቶ የሚመጣው መልእክት በጅማና በዙሪያዋ ወረዳዎች በአፋን ኦሮሞ ካልተነገረ ደንበኛው ዘንድ አይደርስም፤ በችኮላ የተተረጎመ ሆኖ ሲመጣም ስሕተቱን ሌሊት ቁጭ ብሎ የሚያርመው እዚሁ ያለው ሰው ነው። ሁለት ቋንቋ አጥርቶ መጻፍ በማርኬቲንግ ሥራ ውስጥ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ሳለ፣ በጅማ ግን እንደ ትውልድ ጸጋ ተቆጥሮ በነጻ ይወሰዳል።

የዘርፉም ጉዳይ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ሲከለክል፣ ከትልልቆቹ የማስታወቂያ ከፋዮች መካከል የነበሩት የቢራ ፋብሪካዎች ከአየር ላይ ወጡ፤ በዚያ ገንዘብ ይንቀሳቀሱ የነበሩ የማስታወቂያ ሠራተኞችም ገቢ ተነካ። ክልከላውን ስለ ጤና ስል እደግፈዋለሁ፤ የአንድ ዘርፍ ሕግ የሌላውን ሰው ፔሮል እንዴት እንደሚነካ ለማሳየት ብቻ አነሣሁት። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ ከ100 ብር በላይ ሲወጣ፣ በፌስቡክና በዩቲዩብ ለማስተዋወቅ በዶላር የሚከፈለው ወጪ በብር ሲሰላ አበጠ፤ በብዙ ድርጅቶች የማርኬቲንግ በጀቱ እዚያው ባለበት ስለቆመ ለሠራተኛው ይታሰብ የነበረው ጭማሪ በዚያው ተበላ። የገበያው ወቅትም በጅማ ከባድ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር የቡና ገንዘብ በከተማው ሲዘዋወር በሽያጭ ልክ የሚከፈለው ኮሚሽን ደመወዙን ሊበልጥ ይችላል፤ በክረምት ግን ያው ሰው በባዶ መነሻ ደመወዝ ቤት ኪራይ ይከፍላል። ቀጣሪው ግን በቃለ መጠይቅ ወቅት የሚጠቅሰው የጥር ወርን ገቢ ነው።

ከዚህ ላይ «ያልተጣራ» እና «የተጣራ» የሚሉት ቃላት መደበላለቅ ይጨመራል። አንድ ማናጀር 30,000 ብር ተብሎ ቢቀጠር፣ ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት ማሻሻያ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ሆኖ፣ ቀሪው ከ15 በመቶ እየጀመረ ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ሲታሰብበት፣ የገቢ ግብሩ 8,450 ብር ይሆናል። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ማለትም 2,100 ብር ሲቀነስ እጁ ላይ የሚደርሰው 19,450 ብር ነው። ግብር መክፈል ግዴታዬ ነው፤ የግብሩ መደብም የእናንተ መሥሪያ ቤት ሥራ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን የ30,000 እና የ19,450 ልዩነት በአፍ ብቻ በሚነገር የቅጥር ንግግር ውስጥ ተሰውሮ እንዲያልፍ መተው አይገባም። ጥቅማ ጥቅሙም እንዲሁ ነው፤ ነዳጅ፣ የስልክ ካርድ፣ የቤትና የኃላፊነት አበል ለአንዱ በውሉ ውስጥ ሲጻፍለት ለሌላው «እናያለን» ተብሎ ይቀራል።

ሌላው የምለምናችሁ ጉዳይ ማናጀር የሚለውን ስም ይመለከታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ መሪን ከአዋጁ ተፈጻሚነት ውጭ ያደርጋል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ሠራተኛ የሚቀጥርና የሚያሰናብት፣ የድርጅቱን ፖሊሲ የሚያወጣና የሚያስፈጽም ሰው በአሠሪው ቦታ የቆመ ነው። አዋጁም መለኪያ አድርጎ የያዘው ሥልጣኑን እንጂ በቢሮው በር ላይ የተለጠፈውን ስም አይደለም። በተግባር ግን አንድም የበታች ሠራተኛ የሌለው፣ ለአሥር ሺህ ብር ባነር እንኳ ከአዲስ አበባ ፈቃድ የሚጠብቅ ሰው ማናጀር ስለተባለ ብቻ በቀን ከ8 ሰዓት በላይና በእሑድ ለሠራው የትርፍ ሰዓት ክፍያ እንደማይገባው፣ ሲለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ እንደማያገኝ ይነገረዋል። እሱም ሕጉን አንብቦ የሚከራከርበት አቅም ስለሌለው ያምናል። ስሙ እንደ ማዕረግ ተሰጥቶት፣ ማዕረጉ ገንዘብ አስከፍሎታል። ይህን የሚያብራራ አንድ ገጽ መመሪያ ከሚኒስቴሩ ቢወጣ ለብዙዎች ይደርሳል።

ስለ ጥቂት ማናጀሮች ደመወዝ ይህን ያህል ለምን እንደምጨነቅ የሚጠይቅ ይኖራል። በጅማ መልሱን ለማየት ቡናችንን መመልከት ይበቃል። ኢትዮጵያ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በውጭ አገር የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ስትንቀሳቀስ ብዙ ተከራክራለች፤ ከትልቅ የአሜሪካ ቡና ሻጭ ጋር ሳይቀር ተሟግታ በ1999 ዓ.ም. ስምምነት ላይ ደርሳለች። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ጅማ አልነበረችም። የእኛ ቡና በዓለም ገበያ እስከ ዛሬ በብዛት የሚታወቀው «ጅማ 5» በሚል ደረጃ ሲሆን፣ ገዢው ይህን ስም ሲሰማ የሚያስበው በጆንያ በገፍ የሚገዛና ከሌላ የሚቀላቀል ቡናን ነው። በዙሪያችን ባሉት በጎማና በሊሙ ያለው ገበሬ ቡናውን በጥንቃቄ ለቅሞ ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ ቢያደርቀውም፣ ስሙን የሚያስጠራለት ባለሙያ ከሌለ ዋጋው በጆንያው ደረጃ ይቀራል። የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ከወጣ ወዲህ አቅራቢዎችና አምራቾች በቀጥታ ወደ ውጭ የሚሸጡበት በር ሰፍቷል፤ በዚያ በር የሚገባው ግን ገዢ ማፈላለግ፣ ናሙና መላክና የቡናውን ታሪክ በትክክል መጻፍ የሚችል ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው የጅማ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ያስመርቃል። ከእኔ ጋር ከሠሩት ወጣቶች መካከል ጎበዝ የምላቸው አራቱ፣ እዚህ ስንት ሊከፈላቸው እንደሚችል የሚያውቁበት መንገድ ስላጡ፣ አዲስ አበባ የተሻለ ነው በሚል ወሬ ብቻ ሄደዋል። ከአራቱ ሁለቱ፣ የቤት ኪራዩ ሲሰላ፣ እዚህ ከነበራቸው ያነሰ እንደሚተርፋቸው ነግረውኛል።

በሌላ አገር ይህ መረጃ እንዴት እንደሚሰጥ አንድ ምሳሌ ላቅርብ። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለእያንዳንዱ ሙያ የደመወዝ ሠንጠረዥ ያወጣል። በፈረንጆቹ ሜይ 2023 የማርኬቲንግ ማናጀሮች የዓመት ደመወዝ አማካይ ቦታ፣ ማለትም ግማሾቹ ከዚያ በላይ ግማሾቹ ከዚያ በታች የሚያገኙበት መጠን፣ 157,620 ዶላር፣ የማስታወቂያና የፕሮሞሽን ማናጀሮች ደግሞ 131,870 ዶላር እንደነበር ማንም ሰው ከስልኩ ማንበብ ይችላል። ገንዘቡን ከእኛ ጋር ለማወዳደር አይደለም ያነሣሁት፤ ኑሮውም ኢኮኖሚውም የተለያየ ነው። ልብ ያልኩት ሠንጠረዡ በከተማና በዘርፍ ተለይቶ መቅረቡን ነው፤ በትንሽ ከተማ ያለ ሠራተኛ የከተማውን ዋጋ ይዞ ለድርድር ይቀመጣል። የኮሎራዶ ግዛት ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ቀጣሪዎች በቅጥር ማስታወቂያቸው ላይ የክፍያውን መነሻና መድረሻ እንዲጽፉ በሕግ አስገድዳለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 ባወጣው መመሪያ ሥራ ፈላጊው የክፍያውን መጠን ከቃለ መጠይቅ በፊት እንዲያውቅ ወስኗል።

እኛም ከባዶ አንጀምርም። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የሙያ ምደባ የሽያጭና ማርኬቲንግ ማናጀሮችን በቁጥር 1221፣ የማስታወቂያና የሕዝብ ግንኙነት ማናጀሮችን በቁጥር 1222 ለይቶ አስቀምጧቸዋል። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሠራተኛ ኃይል ጥናት የማካሄድ የረጅም ጊዜ ልምድ አለው፤ ሚኒስቴሩም የሥራ ፈላጊዎችን መረጃ የሚይዝበት የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት አለው። ከሁለቱ ተቋማት ትብብር በጅማ፣ በሐዋሳ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በመሳሰሉት ከተሞች የእነዚህ ሙያዎች ክፍያ ቢያንስ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ቢታተም፣ መነሻ ደመወዙ፣ ኮሚሽኑና አበሉ ለየብቻ ቢቀመጥ፣ ሠራተኛውም ቀጣሪውም ይጠቀማል። ቀጣሪውም ስል ከልቤ ነው፤ እኔም ዛሬ ሁለት ሠራተኞች የምቀጥር ሰው ስሆን፣ ሥራ አስኪያጄ «ለጅማ ስንት ይበቃል?» ብለው ሲጠይቁኝ በግምት ነው የምመልሰው።

ደመወዝ መግለጽ ተፎካካሪ ድርጅት ሠራተኛ እንዲነጥቅ ይረዳል የሚል ስጋት ከባለሀብቶች እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ከራሴም አሠሪ ሰምቼዋለሁ። ለዚህ ሲባል ትክክለኛው አኃዝ ሳይሆን መነሻውና መድረሻው ቢጻፍ በቂ ነው። ጥቂት ሠራተኛ ያላቸው ሱቆችና የቤተሰብ ድርጅቶች በመጀመሪያው ዙር ግዴታው ባይጫንባቸው፣ በ2011 ዓ.ም. በተመረቀው የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ እንዳሉት ያሉ ፋብሪካዎች፣ ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ግን ቢጀምሩት ተገቢ ይመስለኛል። በተለይ የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ስኬላቸው በወረቀት የተጻፈ ስለሆነ፣ ከነገ ጀምሮ በማስታወቂያቸው ላይ ለማውጣት የሚከለክላቸው ነገር አይታየኝም።

በዚህ ጉዳይ መመሪያ የሚያረቅ ቡድን ከተቋቋመና ከአዲስ አበባ ውጭ ያለውን ሁኔታ ማየት ከፈለገ፣ እኔና በጅማ በዚህ ሙያ የተሰማራን ስድስት ባልደረቦች የቅጥር ውላችንን፣ የደመወዝ ወረቀታችንንና የኮሚሽን ስሌታችንን ይዘን ለመቅረብ ተስማምተናል። ከሐሙስ በስተቀር በማንኛውም የሥራ ቀን ብትመጡ እንገኛለን፤ ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ ሁላችንም ሥራ ላይ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
በጅማ ከተማ የምትሠራ የማርኬቲንግ ባለሙያ