የልጅ ክርን አይታሽም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ስብራት በተወራ ቁጥር ክርክሩ «ወጌሻ ይሻላል ወይስ ሐኪም?» ላይ ይቆማል። ቦታውን ያልለቀቀ ስንጥቅ ወጌሻም ጋ ሊድን ይችላል። ከዛፍ ወይም ከአጥር ላይ ወድቆ ክርኑ ያበጠ የስድስት ዓመት ልጅ ጉዳይ ግን ለዚህ ክርክር የሚቀርብ አይደለም።

በዚህ ዕድሜ ክርን አካባቢ በብዛት የሚሰበረው የላይኛው ክንድ አጥንት ሲሆን፣ የሚሰበረውም ከክርን ከፍ ብሎ አጥንቱ በሳሳበት ቦታ ላይ ነው። የተሰበረው ጫፍ ወደ ፊት ሲገፋ እጅን የሚመግበውን ዋና ደም ሥርና ነርቭ ያገኛል። በዚህ ላይ ታሽቶ በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር እብጠቱ መውጫ ያጣል፤ በጡንቻው ውስጥ ያለው ግፊት እያየለ ሄዶ ደሙን ያቆመዋል። ጡንቻ ያለ ደም ስድስት ሰዓት ያህል ከቆየ የሞተው ክፍል አይመለስም። ጣቶቹ ተኮማትረው ይቀራሉ፤ ሲብስም እጁ ይቆረጣል። የእኛ የአጥንት ሐኪሞችም ሙያ ከደሙ ንጹሕ አይደለም፤ ባበጠ ክርን ላይ ዙሪያውን ድፍን ጄሶ መጠምጠም የሚያደርሰው ጉዳት ያው ነው።

ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ወይም ጣቶቹን ቀስ ብለው ቀና ሲያደርጉለት ልጁ ከጮኸ፣ ማሰሪያው ከነጥጡ እስከ ቆዳው ድረስ ይቀደድ፤ እኩለ ሌሊትም ቢሆን። «የደም ምቱ አለ» ማለት አያጽናናም፤ ምቱ እያለም ጡንቻው ሊሞት ይችላል።

ወላጆችን የሚያሸሸው «ቀዶ ሕክምና» የሚለው ስም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ቢላ አይነካውም። ልጁ ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጠዋል፤ ሐኪሙ በራጅ ማሳያ እያየ ክንዱን ስቦ አጥንቱን ይመልሳል፤ ከዚያ 1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያላቸው ሁለት ወይም ሦስት ሽቦዎች ከክርኑ ውጫዊ ጎን ቆዳውን በስተው ይገባሉ። ሽቦዎቹ ስብራቱን ሲያቋርጡ ተራርቀው ካላለፉ አጥንቱ ተመልሶ ይዞርና ክርኑ ጠሞ ይድናል። ከክርኑ ውስጠኛ ጎን አንድ ሽቦ መጨመር ያጠነክራል፤ ነገር ግን ክርናችን ሲመታ እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝረን ነርቭ የሚያልፈው እዚያው ስለሆነ እንዳይወጋ ያሰጋል። የሽቦዎቹ ጫፍ ከቆዳው ውጭ ታጥፎ ይተዋል፤ ክርኑም ከ90 ዲግሪ ሳያልፍ ታጥፎ በግማሽ ጄሶ ይደገፋል። ከ3 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ሽቦው ይነቀላል፤ ለዚህ ብዙ ጊዜ ማደንዘዣ እንኳ አያስፈልግም። ተቀዶ የሚከፈተው አጥንቱ አልገባ ሲል፣ ወይም ገብቶም እጁ ነጭና ቀዝቃዛ ሆኖ ሲቀር ነው። ሽቦው ከወጣ በኋላ «እንዲፍታታ» ብሎ ማሸት ክርኑን ይብሱን ያደርቀዋል፤ ልጁ ሲጫወት ራሱ ያፍታታዋል።

ውልቃትም ጊዜ አይሰጥም። ወልቆ ከ3 ሳምንት በላይ የቆየ ክርን በኃይል ቢሳብ አጥንቱ ሊሰበር ይችላል። ከኋላ በኩል ተከፍቶ፣ ነርቩ ተጠብቆ፣ ጠባሳው ተጠርጎ፣ የጠበበው የክንድ የኋላ ጡንቻ መርዘም አለበት፤ ይህ ሁሉ ተደርጎም ብዙ ጊዜ ክንዱ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። በአዛውንቶች ደግሞ የቆየ የትከሻ ውልቃትን መጎተት በብብት የሚያልፈውን ደም ሥር ሊበጥስ ይችላል።

ወጌሻን ማውገዝ አይጠቅምም፤ ሕዝቡ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ጋ ነው። «ክርን ካበጠ አትሽ፣ አትሰር፣ ላክ» የሚል አጭር ሥልጠና ግን ብዙ እጅ ያተርፋል። በአገራችን ለወጌሻዎች ሥልጠና ተሰጥቶ የሚቆረጥ እጅና እግር ቁጥር መቀነሱ በጥናት ታይቷል።

የጤና ዓምዳችሁ ለወላጆች ይህን ቢያወጣልን፦ ክርኑን ለማቃናት አትሞክሩ፤ ባለበት አኳኋን በካርቶን ደግፋችሁ በነጠላ ከአንገቱ ላይ አንጠልጥሉት። ወደ ሆስፒታል ስትወስዱትም ልጁን መንገድ ላይ አታብሉት፤ ለማባበል የተሰጠው ብስኩትና ወተት ማደንዘዣውን በሰዓታት ሊያዘገየው ይችላል።

የአጥንት ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች
አዲስ አበባ