ጥቅሱን ከነምዕራፉ አውጡልን

ክቡር አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማየው በጀርባው ገጽ ጥግ ላይ የምታወጡትን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ነው። ቦታዋ ጠባብ ናት። ሥራዋ ግን ቀላል አይደለም። ቆርጠው በቦርሳቸው የሚይዟት ሰዎች አውቃለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚያች ጥግ ነው።

ነርስ ነኝ። እዚሁ ሐዋሳ፣ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ተኝተው የሚታከሙ ሰዎችን እንከባከባለሁ። ብዙውን ጊዜ የማታ ተረኛ ነኝ። ቀን ጠያቂ ብርቱካንና ሙዝ በፌስታል ይዞ ይመጣል፤ "አይዞህ፣ እግዚአብሔር ይማርህ" ብሎ ይሄዳል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የሚቀሩት ታማሚው፣ አልጋው ሥር ጋቢ ተከናንቦ የተጋደመው አስታማሚና እኛ ነን። ሰው መጽሐፍ ቅዱሱን ከትራሱ ሥር የሚያወጣው ያኔ ነው። ቀን በስልኩ የተላኩለትን ጥቅሶች አንድ በአንድ ከፍቶ የሚያነበውም ያኔ ነው። አንዱ አልጋ ላይ የገብርኤል ጸበል በሃይላንድ ተቀምጧል። ቀጥሎ ካለው አልጋ የጸሎት ድምፅ ይሰማል። ማዶ ያሉት እናት መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ዱዓ ያደርጋሉ። በዚያ ሰዓት የትኛው ቃል ሰውን ቀና እንደሚያደርግ፣ የትኛው ደግሞ ይበልጥ አንገት እንደሚያስደፋ በቅርብ አያለሁ።

የምለው ይህን ነው። ከቃሉ ለዕለት የሚሆን ብርታት የሚገኘው፣ ቃሉ መጀመሪያ ለማንና በምን ጭንቅ ውስጥ ላለ ሰው እንደተነገረ ስናውቅ ነው። ያ ከቀረ ጥቅሱ ለጤነኛ ሰው ጌጥ፣ ለታመመ ሰው ሸክም ይሆናል።

ኤርምያስ 29፥11ን ውሰዱ። በቴሌግራም ከአበባ ሥዕል ጋር ያልደረሰው ሰው ያለ አይመስለኝም። "ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ" ይላል። "ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም።" እጅግ የምወደው ቃል ነው። የሚላከው ግን እንደ ነገ ቀጠሮ ነው፤ ነገ ውጤቱ ጥሩ ይሆናል፣ ነገ ትወጣለህ እንደማለት።

ምዕራፉ ደብዳቤ ነው። ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም የጻፈው፣ ናቡከደነፆር ወደ ባቢሎን ላጋዛቸው ሰዎች ነው። ከዚያ በፊት ባለው ምዕራፍ ሐናንያ የሚባል ነቢይ ተነሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው እንደሚመለስ ለሕዝቡ አውጆ ነበር። እግዚአብሔር አልላከውም ነበር። ኤርምያስ ግን ከዚያች ከተወደደችው ቁጥር አንድ መስመር ከፍ ብሎ "70 ዓመት" ይላል። እስከዚያስ? ቤት ሥሩ፣ ተቀመጡበት። አትክልት ትከሉ፣ ፍሬውን ብሉ። ልጆቻችሁን ዳሩ። ስላላችሁባት ከተማ ሰላም ጸልዩ።

ይህ ለታማሚዎቼ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ልንገራችሁ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በተለመደው ሕክምና 6 ወር ይወሰዳል። ስኳር ብዙ ጊዜ የዕድሜ ልክ ነው። እንዲህ ላለ ሰው የሐናንያ ሁለት ዓመት አይሆነውም፤ ጊዜው ሲያልፍ እምነቱንም ይዞበት ይሄዳል። "እዚያው ሆነህ ቤትህን ሥራ፣ አትክልትህን ትከል፣ እኔ አልረሳሁህም" የሚለው ግን ነገ ጠዋት ተነሥቶ መድኃኒቱን እንዲውጥ ያደርገዋል። ሥራውን፣ ልጆቹን፣ ጓሮውን እንዲያስብ ያደርገዋል። ተስፋው አልቀነሰም። እንዲያውም መቆሚያ አገኘ።

በዚህ ነገር ልቤ የሚቃጠልበት ምክንያት አለኝ። "በእርሱም ቁስል እኛ ተፈወስን" የሚለውን ቃል ተልኮለት ኢንሱሊኑን ያቆመ ሰው አግኝቻለሁ። የላኩለት የሚወዱት ሰዎች ናቸው፤ ክፋት የለባቸውም። እሱም የመጣው ራሱን ስቶ ነው። ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቃሉ የኢሳይያስ ነው፣ 53፥5። እዚያው ኢሳይያስ ውስጥ ግን ምዕራፍ 38 አለ። ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት ታመመ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ። እግዚአብሔርም 15 ዓመት ጨመርኩልህ አለው። ይህ ተስፋ ከራሱ ከእግዚአብሔር አፍ የወጣ ነው። ከዚያ በኋላ ነቢዩ ምን አዘዘ? የበለስ ፍሬ ጠፍጥፈው እብጠቱ ላይ እንዲያደርጉ። ተስፋውና መድኃኒቱ አንድ ምዕራፍ ውስጥ ናቸው። ጳውሎስም ቢሆን ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን እንደተወው ሳይሸሽግ ተናግሯል፤ ሁለተኛ ጢሞቴዎስ 4፥20። እምነቱ ስላነሰ ነው አላለም። ታሟል፣ ቀርቷል፣ አለቀ። አልጋ ላይ ላለ አማኝ ይህች አጭር መስመር ምን ያህል እንደምታሳርፍ ብታዩ!

አንድ ሌሊት ልጇን ይዛ ከገጠር የመጣች ወጣት እናት ስልኳን ይዛ መጣች። "ሲስተር፣ ይሄን አንብቢልኝ" አለችኝ። ዘመዷ የላከላት የድል ጥቅስ ነበር፣ ከርችት ሥዕል ጋር። አነበብኩላት። "አሜን" አለች፤ ፊቷ ላይ ግን ምንም አልተለወጠም። አጠገቧ የልጅ ልጃቸውን የሚያስታምሙ አዛውንት እናት ነበሩ። ዳዊታቸውን ገልጠው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማንበብ ጀመሩ፦ "አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?" ወጣቷ ቀና አለች። "እማማ፣ ይሄንን የጻፈው ሰው ልጅ ታሞበት ነበር እንዴ?" አለቻቸው። እማማ "እኔ እንጃ ልጄ፣ ግን ጨንቆታል" አሉ። ከዚያ ያንኑ መዝሙር እንደገና እንዲያነቡላት ጠየቀች። እንባዋ ወረደ፣ ትንሽ ቆይቶም እንቅልፍ ወሰዳት። ዳዊት ልጁ ታሞበት መሬት ላይ ተኝቶ እንደነበር አውቃለሁ፤ ሁለተኛ ሳሙኤል 12 ላይ አለ። የዚያን ታሪክ መጨረሻ ስለማውቅ ግን ዝም አልኩ። ለሁሉም ጊዜ አለው።

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እንዲህ የሚጮኹ መዝሙሮች ብዙ ናቸው። 88ኛውን አንብቡት። ከሌሎቹ በተለየ፣ ምንም መፍትሔ ሳያገኝ ወዳጆቹ እንደራቁት ተናግሮ ያበቃል። እግዚአብሔር ያንን ጸሎት ከመጽሐፉ አላወጣውም። እንደዚያ የሚሰማውን ሰውም ከፊቱ አያባርረውም ማለት ነው። በጥቅስ ጥጋችሁ ላይ ግን እንዲህ ያለ ቃል አይቼ አላውቅም። ሁልጊዜ ድል ነው፣ ሁልጊዜ መሻገር ነው።

በምሳሌ 25፥20 ላይ ሰሎሞን ላዘነ ልብ የሚዘምርን ሰው በብርድ ቀን ልብስ ከሚገፍ ጋር ያመሳስለዋል። እኛ ይህን በባህላችን እናውቀዋለን። ለቅሶ ቤት ስንሄድ ገብተን ዝም ብለን እንቀመጣለን። እድርተኛው ድንኳን ይተክላል፣ ሴቶቹ ንፍሮ ያቀርባሉ፣ ማንም ለሐዘንተኛው ንግግር አያደርግም። የኢዮብ ወዳጆችም መጀመሪያ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ሕመሙ እጅግ እንደከበደ አይተው አንድ ቃል አልተናገሩትም። ጥፋታቸው የመጣው ማብራራት ሲጀምሩ ነው። ድንኳን ውስጥ ይህን ሁሉ የምናውቅ ሰዎች፣ ስልክ ስንይዝ ለምን እንደምንረሳው አይገባኝም።

አስታማሚዎችን በተመለከተ አንድ ምዕራፍ አለችኝ፣ አንደኛ ነገሥት 19። አስታማሚ የሚባል ሰው ራሱን ይረሳል። ለታማሚው ሾርባ ያጠጣል፣ እሱ ግን ሳይበላ ይውላል። ኤልያስ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ "ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ" ሲል እግዚአብሔር አልተቆጣውም፣ አላስተማረውምም። መልአክ ልኮ ዳቦና ውኃ ሰጠው። በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀሰቀሰው፦ "የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ።" ምክሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ኮሬብ ተራራ ላይ። ይህን ለአስታማሚ ሳነብ አብሬ ሻይና ዳቦ አቀርባለሁ። ያለዚያ ምዕራፉን ያነበብኩት አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ ትንሽ የምትመስል፣ ነገር ግን ብዙ ሰው የምታሳስት ነገር ላንሳ። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፣ እኔ ወንጌላዊት ነኝ። በመዝሙር አንጣላም፣ በቁጥሩ ግን እንለያያለን። የእኔ መጽሐፍ ቅዱስ 23 የሚለውን "እግዚአብሔር እረኛዬ ነው" የእናቴ ዳዊት 22 ይለዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የእናቴ ዳዊት የግሪኩን አቆጣጠር ስለሚከተል 9ኛውንና 10ኛውን እንደ አንድ ይቆጥራል፤ ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ በአንድ ወደኋላ ይቀራሉ። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ላይ እንደገና ይገናኛሉ፣ ሁለቱም 150 ላይ ይደርሳሉ። አንድ ቀን የታማሚ ወንድም ከሩቅ ደውሎ "91ን አንብቡለት" ብሎ ዘጋ። በልዑል መጠጊያ ስለሚኖረው ሰው የሚናገረውን ማለቱ ነበር። አስታማሚዋ በዳዊቷ 91ን ስትገልጥ ያገኘችው "እግዚአብሔርን ማመስገን መልካም ነው" የሚለውን ነው። ታማሚው ወንድሟ በጣር ላይ ነበር። ግራ ተጋብታ ወደ እኔ አየች። 90ን ገልጬ ሰጠኋት።

ስለዚህ የመዝሙር ጥቅስ ስታወጡ ሁለቱንም ቁጥር ብትጽፉ ለሁላችንም ይጠቅመናል።

ብዙ ሰው በየቀኑ እንዴት ላንብብ ብሎ ይጠይቀኛል። የእኔ ልማድ ይህ ነው። ተረኛ ከመሆኔ በፊት አንድ ምዕራፍ በተራው አነባለሁ፤ የምፈልገውን እየመረጥኩ ሳይሆን መጽሐፉ የሚሰጠኝን። ምሳሌን የማነበው በቀኑ ነው፣ በወሩ አምስተኛ ቀን ምዕራፍ 5ን። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ 31ኛውን ከ30ኛው ጋር ደርቤ አነበዋለሁ፤ ያቺን ጎበዝ ሴት መዝለል አልወድም። ካነበብኩት ውስጥ ያን ሌሊት ልሠራው የምችለውን አንድ ነገር እፈልጋለሁ። "ሁሉን እችላለሁ" የሚለውን ፊልጵስዩስ 4፥13ን ያነበብኩ ቀን ከፍ ብዬ ቁጥር 12ንም አነባለሁ። ጳውሎስ በእስራት ሆኖ መጥገብንና መራብን፣ መብዛትንና መጉደልን እንደተማረ ይናገራል። ያን ሌሊት ጓንት ቢያልቅ፣ መብራት ቢሄድ፣ ሁለት ሰው የሚሠራውን ለብቻዬ ብሠራ፣ ቁጥር 13 ለዚያ እንደተጻፈ አውቃለሁ።

ከሁሉ በላይ የምደገፈው ኢሳይያስ 50፥4 ላይ ነው። የደከመውን በቃል እንዴት እንደሚደግፍ እንዲያውቅ እግዚአብሔር የተማሩትን ምላስ እንደሰጠው ይናገራል፤ ቀጥሎም ማለዳ ማለዳ እንዲሰማ ጆሮውን እንደሚያነቃለት። ማለዳ ማለዳ ነው የሚለው። የደከመውን ሰው የሚደግፍ ቃል የሚመጣው በየቀኑ ከሚሰማ ጆሮ ነው። ባጃጅ መስተዋት ላይ ተለጥፎ ካየነው ብቻ አይመጣም። የባጃጆቹን ጥቅስ ጠልቼ አይደለም፤ ሌሊት ከሥራ ስወጣ ብዙ ጊዜ አጽናንቶኛል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ጥቅሱን ስታወጡ ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሩበት፦ ማን ለማን ተናገረው፣ በምን ሁኔታ ውስጥ። ቦታ ካላችሁ በፊቱና በኋላው ያሉትን ቁጥሮችም ጨምሩ። ከድሉ መሐል አልፎ አልፎ የሚጮኹትንም አውጡ። ጋዜጣችሁን ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ ብቻ አይደለም ሰው የሚያነበው፤ አልጋ ሥር ተኝቶም ያነበዋል።

ለመጪው እትም ያቺ እማማ ያነበቡትን ብታወጡ ደስ ይለኛል። መዝሙር 13 ነው፤ በዳዊት 12 ብላችሁ ጨምሩበት። ስድስት ቁጥር ብቻ ስለሆነ ሙሉው ጥጋችሁ ላይ ይገባል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ነርስ
ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ