የፍሊትቪሏን ቤት ካየን በኋላ

ለውድ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ከተማችን ሴንት ኦልባንስ፣ ፍሊትቪል ሰፈር ልትገዣት የፈለግሻትን ቤት አይተን ስንመለስ፣ ባቡር ጣቢያው በር ላይ «እማዬ፣ ያደግኩበት ከተማ አልፈለገኝም» ብለሽኝ ሄድሽ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። በስልክ ልነግርሽ ስጀምር ሆዴ ስለሚባባ ነው የጻፍኩልሽ።

ያቺ ቤት ምን ነበራት? ደረጃዋ ሁለት ሰው አያሳልፍም። የምድጃው በር ሲከፈት የጓሮው በር አይከፈትም። 575 ሺህ ፓውንድ! ደላላው «ባሕርይ ያላት ቤት» ሲልሽ ሰማሁት። ጠዋት ጠዋት የምንከባከባቸው አሮጊት ከዚያ ሁለት መንገድ አለፍ ብለው ነው የሚኖሩት፤ የሰፈሩን ታሪክ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ፍሊትቪል ስሙን ያገኘው በ1890ዎቹ መጨረሻ እዚያ ከተከፈተ ማተሚያ ቤት ነው። ማተሚያ ቤቱ «ፍሊት» ይባል ስለነበር ሰፈሩም ስሙን ወረሰው። እነዚያ ተያይዘው የቆሙ ቤቶች የሠራተኛ ቤቶች ነበሩ። ዛሬ እዚያው ከተማ የምታስተምር መምህርት፣ ማለት አንቺ፣ አንዷን መግዛት አልቻልሽም። የአሮጊቷም የልጅ ልጆች ርቀው ሄደዋል፤ ገናን ጠብቀው ነው የሚመጡት።

ምክንያቱ አንቺ አይደለሽም፤ ይህን እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ። የለንደኑ ባቡር ሴንት ኦልባንስ የገባው በ1868 ነው። ዛሬ ፈጣኑ በ20 ደቂቃ ገደማ ለንደን፣ ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ ያደርሳል። ለንደን ትልቅ ደመወዝ የሚያገኝ ሰው ጥሩ ትምህርት ቤት ፈልጎ ይመጣል፣ የቤቱንም ዋጋ ያንረዋል። ከተማውን ደግሞ ግንባታ በቀላሉ የማይፈቀድበት አረንጓዴ ቀበቶ ከቦታል። ከእኛ መንገድ ማዶ ባለው ሜዳ ላይ ቤት ይሠራ ሲባል «የከተማችን ባሕርይ ይጠበቅ» የሚል ጽሑፍ በየአጥሩ ተሰቀለ። ሜዳውን እኔም እወደዋለሁ፤ ብስክሌት የለመድሽው እዚያ ነው። ግን ባሕርይ የሚሉት ጡብ ብቻ ነው እንዴ? ረቡዕና ቅዳሜ ገበያው ላይ የሚሸጡት፣ አውቶቡሱን የሚነዱት፣ ሽማግሌዎቹን የምናጥብ እኛ፣ እኛስ አንቆጠርም?

የቁጠባሽ ነገር ደግሞ ያበግነኛል። ላይፍታይም አይሳ የሚሉት የቁጠባ ሂሳብ በ2017 ሲጀመር ለመጀመሪያ ቤት ገዢ ተባለ፤ በዓመት 4,000 ፓውንድ ስታስቀምጪ መንግሥት 1,000 ይጨምርልሻል። አንቺም አንድ ኮት አራት ክረምት ለብሰሽ አጠራቀምሽ። ቤቱ ከ450 ሺህ ካለፈ ግን ካወጣሽው ሁሉ ሩቡን ይቀጡሻል። ከ5,000ው 1,250 ሄዶ 3,750 ይቀራል። ጭማሪውን መልሰው ከራስሽ ላብ 250 ወሰዱ ማለት ነው። ዋጋው ከ500 ሺህ ስላለፈም ለመጀመሪያ ገዢ የሚደረገው የቴምብር ቀረጥ ቅናሽ ይቀራል፤ ለዚያች ቤት 18,750 ፓውንድ ቀረጥ። አባትሽ «እንበደርላት» ብሎ ነበር። እኔ እምቢ አልኩ፤ ጨክኜብሽ አይደለም። 30 ዓመት ሙሉ የደመወዝ ቀን እየፈራሽ እንድትኖሪ አልፈልግም።

ሉተን ከተማ ያገኘሻት ባለ ሁለት መኝታ ቤት 320 ሺህ ናት፤ ቀረጧም 1,000 ብቻ። የባቡሩ መስመር ያው ነው፣ ትምህርት ቤትሽም በባቡር ሩቅ አይሆንም። ስለ ሉተን ሰው የሚያወራውን አትስሚ። አሮጊቷ እንደሚሉት የሁለቱም ከተማ እንጀራ አንድ ነበር፤ የገለባ ባርኔጣ። የሉተን እግር ኳስ ቡድን እስከዛሬ «ባርኔጣ ሠሪዎቹ» ነው የሚባለው።

አልፈለገኝም ያልሽውን ግን አልቀበልም። በሰኔ የቅዱስ አልባን በዓል ላይ፣ ስድስት ዓመትሽ ሳለ፣ ቀይ ጽጌረዳ ሆነሽ ከግዙፎቹ አሻንጉሊቶች ኋላ እስከ ካቴድራሉ ተጉዘሻል። ቅጠሉን ሌሊቱን ሙሉ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ዳገቱ ላይ ሲደክምሽ የማናውቃት ሴት እጅሽን ይዛ አወጣችሽ። ያንን ማንም ደላላ ዋጋ አውጥቶ አይሸጠውም፤ ያንቺ ነው።

ቅዳሜ ሉተን ስትሄጂ አብሬሽ እመጣለሁ። ቧንቧውን ከፍተን የውሃውን ግፊት እናያለን፣ ጓሮው ፀሐይ የሚያገኘው በስንት ሰዓት እንደሆነ ጎረቤት እንጠይቃለን። ከበቂ በላይ ፀሐይ ካለው ጤና አዳሟን ከማሰሮዋ አውጥቼ እዚያ እተክልልሻለሁ። የጠዋቱን ባቡር ሰዓት ጻፊልኝ።

እናትሽ