ቲኬቱ ከመታተሙ በፊት፦ ለብሔራዊ ሎተሪ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለብሔራዊ ሎተሪ የሥራ ኃላፊዎች
ግልባጭ፦ ለሰሜን ሸዋ ዞን ንግድና ገበያ ልማት መምሪያ

ጉዳዩ፦ የቶምቦላ ፈቃድ ቅድመ ሁኔታዎች ተጽፈው በየወረዳው እንዲለጠፉ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

በሰሜን ሸዋ ዕድር፣ የልማት ማኅበር ወይም የትምህርት ቤት ኮሚቴ ገንዘብ ሲያጥረው ቀድሞ የሚታየው ቶምቦላ ነው። እኛ የእነዚህን ማኅበራት ሂሳብ የምንሠራና የምንመረምር ባለሙያዎች ነን። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከአንድ ቦታ ነው፤ ቲኬቱ ከፈቃዱ ቀድሞ ማተሚያ ቤት ይገባል።

አዋጅ ቁጥር 535/1999 ያለ ፈቃድ ሎተሪ ማካሄድን ይከለክላል፤ ቶምቦላም ሎተሪ ነው። ኮሚቴዎች ግን በ2011 ዓ.ም. የወጣውን የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ይጠቅሳሉ። «ገቢ የሚያስገኝ ሥራ መሥራት ተፈቅዶልናል» ይላሉ። ተፈቅዷል፤ ነገር ግን የዘርፉን ሕግ አክብሮ ነው። ዕቁብም ዕጣ አለው ብለው የሚከራከሩ አሉ። በዕቁብ ሁሉም ተራው ሲደርስ የጣለውን ያነሣል፤ በቶምቦላ ዕጣው ያልወጣለት የከፈለው አይመለስለትም።

ከሁሉ የሚከፋው ያልተሸጠ ቲኬት ጉዳይ ነው። 5,000 ቲኬት ባለ 50 ቅጠል ሆኖ ሲጠረዝ 100 ጥራዝ ይሆናል። 1,800 ብቻ ተሸጦ የ5,000ውም ቁጥር ወደ ዕጣ ማውጫው ከገባ፣ የሚወጣው ቁጥር ማንም ያልገዛው የመሆኑ ዕድል ከ100 64 ነው። ለሽልማት የቀረበው በሬ እዚያው አዘጋጁ ዘንድ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ኮሚቴውን የሚያምነው የለም። መፍትሔው ቀላል ነው። ጥራዞቹ ለሻጮች በቁጥር ተመዝግበውና ተፈርሞባቸው ይሰጡ። ከዕጣው በፊት ሁሉም ይመለሱ፤ ያልተሸጡት በታዛቢ ፊት ተቆጥረውና ተበስተው በቃለ ጉባኤ ይያዙ። ወደ ዕጣ ማውጫው የሚገባው የተሸጠው ቲኬት ጉርድ ብቻ ይሁን።

ሽልማቱም ሽያጭ ከመጀመሩ በፊት መገዛቱ ወይም ገንዘቡ በባንክ መታገዱ መረጋገጥ አለበት። «ከሽያጩ እንገዛዋለን» ያለ ኮሚቴ ቲኬቱ አልሸጥ ሲለው ቀን ያራዝማል። ለፋሲካ የተባለ በሬ ዕጣው ወደ ሰኔ ሲሸጋገር የመኖው ወጪ ከገቢው ላይ ይነሣል፤ ገዢውም ይጠራጠራል፤ መጠራጠሩም ተገቢ ነው።

ግብሩን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ጨዋታ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ጥሏል። በዚህ ስሌት 80,000 ብር የሚያወጣ በሬ የደረሰው ገበሬ 12,000 ብር ይጠበቅበታል። በሬ እንደ ገንዘብ ተቀንሶ አይሰጥም፤ ስለዚህ ግብሩን ባለዕድሉ ይክፈል ወይስ አዘጋጁ፣ ቲኬቱ ላይ መጻፍ አለበት። አዋጁ ከዚያ ወዲህ ስለተሻሻለ፣ አሁን የሚሠራበትን ምጣኔ ከገቢዎች ጋር ተነጋግራችሁ በማስታወቂያው ላይ አስፍሩት።

የምንጠይቃችሁ ይህን ነው። ከማመልከቻው ጋር የሚቀርበው ሰነድ ሁሉ፣ ክፍያው፣ ውሳኔ የሚሰጥበት ቀንና ከዕጣው በኋላ የሚቀርበው የሂሳብ ሪፖርት በአንድ ገጽ ተጽፎ በየወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ይለጠፍ። ማተሚያ ቤቶች የፈቃድ ቁጥር ያልያዘ የቶምቦላ ቲኬት እንዳያትሙ በደብዳቤ ይታዘዙ። የዞኑ ዋና ከተማ ደብረ ብርሃን ራሷ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ናት፤ ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ለሚነሣ ኮሚቴ አንድ ፊርማ ጎድሎ መመለስ የትራንስፖርትና የአልጋ ወጪ ነው፤ ያም ለትምህርት ቤቱ ጣሪያ ከታሰበው ገንዘብ የሚወጣ ነው። ስለዚህ የሰነድ ማጣራቱና የዕጣ ታዛቢነቱ በወረዳ ደረጃ እንዲከናወን ውክልና ስጡ። ለዚህ ሥራ የሚመደቡትን የወረዳ ባለሙያዎች ያለ ክፍያ ለማሠልጠን ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር
በሰሜን ሸዋ የማኅበራትን ሂሳብ የምንሠራ ባለሙያዎች