ስለ ምንሽሩ አቀማመጥ

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ በባሕር ዳር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ይህን ጉዳይ በስልክ ያላነሣሁት እናቴ አጠገብዎ ሆና ሰምታ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው።

ምንሽሩን ይሽጡት አልልዎትም። ከአያቴ የወረሱት መሆኑንና ሌሊት ከብት የሚነዳ ሌባ ባለመሣሪያ ቤት መድፈር እንደሚከብደው አውቃለሁ። በ1960 ዓ.ም. ጎጃም በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ባመፀ ጊዜ የመሣሪያ ምዝገባውም ገበሬውን እንዳስቆጣው እርስዎው ነግረውኛልና፣ ምዝገባ ሲባል ትጥቅ መግፈፍ ቢመስልዎ አልፈርድብዎትም። ሆኖም አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ስለሚከለክል፣ የፈቃዱን ነገር ከወንድሜ ጋር ቢመክሩበት ደስ ይለኛል።

እንቅልፍ የነሣኝ አደባበቁ ነው። ለፋሲካ መጥቼ እህል ልቀዳ ጓዳ ስገባ፣ ከጎታው ኋላ የጆንያው አፍ ተፈትቶ፣ ማንገቻው መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ከሰደፉ አጠገብም የልጅ ልጅዎ ከጭቃ የሠራው በሬ ተቀምጦ አገኘሁ። መሣሪያውን ከፍቼ ባየው ጥይት ጎርሷል። ሴት ልጅ ስለ መሣሪያ ምን አገባት እንደማይሉኝ አምናለሁ፤ አፈሙዙን ዘይት በነካ ጨርቅ እየወለወልሁ ያደግሁት በእጅዎ ነውና። ጥይቱን ያን ጊዜውኑ አውጥቼ ሰጥቼዎት ነበር፤ ተመልሶ ጎርሶ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

አባቴ፣ ውሻ ጮኾ ሲነሡ በጨለማ ጓዳ ገብቶ፣ ጆንያ ፈትቶ መሣሪያ ለማውጣት ከሚፈጀው ጊዜ አንጻር ጥይት ማጉረስ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስለዚህ አጉርሶ መደበቁ ከሌባ የሚያስቀድምዎ ነገር የለም። ልጁ ግን ቀኑን ሙሉ ጓዳ ለጓዳ የሚውል ነው፣ ምላጩንም ለመሳብ ጉልበት አያንሰውም። የምንሽር ጥይት ደግሞ የጭቃ ግድግዳ በስቶ ስለሚያልፍ አደጋው በእኛ ቤት ብቻ አይቀርም።

ስለዚህ እባክዎ መሣሪያውን ባዶ ያድርጉት፤ ጥይቱን ከነዝናሩ ለብቻው ይቆልፉበት። ወንድሜ ለክረምቱ ሲመጣ ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን ይዞልዎት ይመጣል፤ ቁልፉን ከማተብዎ ጋር በአንገትዎ ያድርጉት፣ ለእናቴም ቢሆን ያለበትን ይንገሯት። እስከዚያው ጥይቱ የልጁ እጅ ከማይደርስበት፣ ከመሣሪያው ከራቀ ቦታ ይዋል። ይህን እንዳደረጉ በወንድሜ በኩል ቢያስታውቁኝ እረፍት አገኛለሁ።

እግርዎን እስማለሁ።
ልጅዎ