ወደ አራብሳ ከመግባትሽ በፊት

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቦሌ አራብሳ የደረሰሽን ኮንዶሚኒየም «ልግባበት ወይስ ላከራየው?» ብለሽ የጠየቅሽኝን በስልክ መመለስ ስላልሆነልኝ መጻፍን መረጥሁ።

ከልደታ ወጥተን ጀሞ ስንገባ አንቺ ዩኒቨርሲቲ ስለነበርሽ ብዙውን አላየሽም። የለቀቅነው በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱት ቤቶች አንዱ የነበረ የቀበሌ ቤት ነው፤ ጣሪያው ያፈስ፣ መጸዳጃውም የአምስት አባወራ የጋራ ነበርና የራሳችንን ቧንቧ ስንከፍት የተሰማንን ደስታ አልክድም። ነገር ግን እኛ ስንወጣ እንጀራችን መሃል ከተማ ቀረ። ይህን የምለው ለአነጋገር ያህል አይደለም፤ እናትሽ እንጀራ የምታስረክባቸው ምግብ ቤቶች በልደታና በሜክሲኮ ዙሪያ ስለነበሩ፣ ሌሊት ስትጋግር አድራ ጎህ ሳይቀድ መሶቧን ተሸክማ ሁለት ታክሲ ትይዝ ነበር። ስምንት ወር ታግላ ተወችው።

ከእኛ ጋር ዕጣ ከወጣላቸው ጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ ግን ከነጭራሹ አልገቡም፤ የባንኩን ዕዳ ለመክፈል ቤቱን አከራይተው እነሱ ሥራቸው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራዩ። በብሎካችን ደረጃ ላይ በየዓመቱ አዲስ ፊት የማየው፣ እድራችንም እስካሁን እዚያው ልደታ ያለው ለዚህ ነው።

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ሲኖራት፣ ዳር ያለው ኮልፌ ቀራንዮ ከ400 ሺህ በላይ ሲይዝ መሃል ያለው አራዳ የያዘው የዚያን ግማሽ ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህ ልደታ፣ በቅርቡም ፒያሳና ካዛንቺስ ፈርሰው ነዋሪው ወደ ዳር ሲሄድ፣ መሥሪያ ቤቱና ገበያው በአብዛኛው ካለበት አልተነቃነቀም፤ ጠዋት ጠዋት የምናየው የታክሲ ሰልፍም ከዚህ የመጣ ነው። (አራብሳም ቢሆን የገበሬ ማሳ ነበር፤ የእነሱን መፈናቀል ከእኛው ጋር አብሮ የሚቆጥር ጥቂት ነው።)

የእኔ ሐሳብ፣ ሥራሽ መርካቶ እስካለ ድረስ ማከራየቱ ይሻላል የሚል ነው። ባልሽ ካልተስማማ ግን አንድ ሰኞ ሁለታችሁም ከአራብሳ አስፋልት ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሡና ሥራ ስትደርሱ ሰዓታችሁን ተመልከቱ። የዚያን ዕለት ልጁን እናትሽ ትይዘዋለች።

አባትሽ