የባሕር ዛፍ ጉቶ በእሳት አይወጣም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በሜጫ፣ በቆጋ መስኖ ዙሪያ፣ በሌሎችም የጎጃም ወረዳዎች ባሕር ዛፉን አንሥቶ ማሳውን ለሰብል የሚመልስ ገበሬ አለ። ጉቶውን በእሳት ለመጨረስ ሲሞከር ማየት ግን ያሳዝናል፤ ድካሙም መሬቱም ይባክናል።

ነጭ ባሕር ዛፍ ከአፈር ሥር ካለው የጉቶው እብጠትም ያቆጠቁጣል። እሳቱ የላዩን እንጨት በልቶ እዚያ ሳይደርስ ይጠፋል። የነደደበት ሸክላማ አፈር ደግሞ እንደ ገል ይቀላል፣ ብስባሹም ያልቃል። በመጀመሪያው ክረምት አመዱ ያረፈበት ቦታ ቡቃያው ስለሚያምር ብዙ ሰው ይታለላል።

ያለው መላ መቆፈር ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ፣ አፈሩ ሳይደርቅ። ተቆርጦ የማያውቅ ቀጭን ዛፍ ከሆነ ከሥሩ አይጣል፤ ግንዱ ሁለት ሜትር ያህል ቀርቶለት ይቆረጥ። ከዚያ ዙሪያውን በዶማ ቆፍሮ የጎን ሥሮቹን በምሳር መበጠስ፣ ገመዱን ከግንዱ ጫፍ አስሮ መሳብ። ግንዱ ራሱ መፈንቀያ ይሆናል። ደጋግሞ የተቆረጠ አሮጌ ጉቶ ግን እንዲህ አይነሣም፤ በሽብልቅ እየሰነጠቁ ቁራጭ በቁራጭ ማውጣት ነው። እብጠቱ ምንም ሳይቀር መውጣት አለበት፤ ጎኑ ላይ የቀረች ቁራጭ እንኳ በበጋው ታቆጠቁጣለች። ርቀው የሄዱት ሥሮች አያቆጠቁጡም፤ ሆኖም ማረሻ ይሰብራሉና እርሻው እስከሚደርስበት ጥልቀት ይለቀሙ። ጉድጓዱ ሲደፈን የታችኛው አፈር ከታች፣ ጥቁሩ ከላይ ይሁን።

በመጀመሪያው ዓመት ጤፍ ባይዘራ ይመረጣል። የቀረው ሥርና ቅጠል ሲበሰብስ ሰብሉ የሚያስፈልገውን ናይትሮጅን ስለሚሻማ ቡቃያው ቢጫ ይሆናል። ፍግ በደንብ የገባበት ድንች ይሻላል፤ ሲኮተኮትና ሲቆፈር የተደበቀው ሥር ሁሉ አብሮ ይወጣል። አፈሩ ኮምጣጣ መሆኑ በምርመራ ከታወቀ ኖራው ከዘር ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ከአፈሩ ጋር ይታረስ። መጠኑን የሚወስነው ምርመራው እንጂ የጎረቤት ልማድ አይደለም።

ተዳፋት ላይ ያለው ዛፍ ግን ባለበት ይቆይ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት የሆነ መሬት እንዳይታረስ የከለከለው በምክንያት ነው፤ በአግድም አንድ ሜትር ሲኬድ 60 ሳንቲ ሜትር የሚወርድ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን መሬት የሚይዘው ሥሩ ብቻ ነው። ማሳው መካከል የበቀሉ ብሳናና ዋንዛም አይነኩ፤ ቅጠላቸው አፈሩን ያዳብራል፣ በሬም ዙሪያቸውን ያርሳል።

አንባቢያችሁ፣ ከምዕራብ ጎጃም